«የት ገዛሽው?»

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንናዘዝ። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እኛ» እያልን የምንቀጥለው ብዙ ሆነን አይደለም። ብቻችንን ነን። ጋዜጠኝነት ስንማር አንድ መምህራችን «እኔ» የምትል ቃል ባዩ ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ከበው፣ ጠርዙ ላይ «አንቺ ማነሽ?» ብለው ይጽፉልን ነበር። አራት ዓመት ሙሉ «አንቺ ማነሽ?» ሲባል የከረመ ሰው መልሱ ይጠፋዋል። እናም «እኛ» ሆነን ቀረን። ዛሬ ደግሞ «እኛ» መሆናችን በሌላ ምክንያት ተመችቶናል። ልናወራችሁ የፈለግነው ስለ ጥፋታችን ነው፤ ጥፋት ደግሞ ለብዙ ሲሸከሙት ይቀላል።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው፤ ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው። መቼም በአገራችን አልበምና በግ የሚወጡት በበዓል ሰሞን ነው። (ልዩነታቸው የበጉ ዋጋ በየዓመቱ ሲንር፣ የአልበሙ ዋጋ ወርዶ ወርዶ ነጻ መድረሱ ነው።) አንድ ማታ ከሥራ ገብተን፣ እግራችንን ሶፋው ላይ ሰቅለን ስልካችንን ስንከፍት፣ የምንከታተለው የቴሌግራም ቻናል ላይ አሥራ ሁለት ዘፈኖች ተደርድረው ጠበቁን። የአንዲት አዲስ ድምፃዊት የመጀመሪያ አልበም ነበር። ስሟን አንጠራም። ለምን እንደማንጠራት በኋላ ይገባችኋል።

አዳመጥን። ደገምን። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ እናታችን ወጥታ «አንቺ ልጅ፣ ነገ ሥራ የለሽም?» እስክትለን ድረስ ጆሯችን ላይ ሰክተነው ነበር።

እኛ ዘፈን ወዳጅ ነን እንጂ ሙዚቀኛ አይደለንም። ትዝታን ከአምባሰል የምንለየው በሆዳችን ነው፤ ሆዳችን ሲባባ ትዝታ ነው እንላለን። ቢሆንም አስተያየት አያጥረንም። ለምሳሌ የሮፍናን «ነጸብራቅ» በ2010 ዓ.ም. ሲወጣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ነበርን። ያ ሁሉ የኤሌክትሮኒክስ ምት ከአገር ቤቱ ጭፈራ ጋር ሲገጥም ዴስክ ላይ ወጥተን ጨፍረናል። ዛሬ ስንሰማው ግማሹ እንደ አዲስ ነው፣ ግማሹ ግን የዚያን ዓመት ልብስ ይመስላል። በዚያው ዓመት የወጣው የቤቲ ጂ «ወገግታ» ደግሞ ዴስክ ላይ አላወጣንም፤ ግን እስካሁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳንዘል የምንሰማው እሱን ነው። አልበም ማለት ለኛ ይሄ ነው። በዚህ ዘመን አንድ ነጠላ ዜማ ዩቲዩብ ላይ ተለቆ፣ ስድስት ወር ሙሉ የቪው ቁጥሩ ሲቆጠር እንደሚከርመው አይደለም። ነጠላ ዜማ ሰላምታ ነው፤ አልበም ግን ቁጭ ብሎ መጨዋወት ነው።

ሌላም ቅሬታ አለን። ማሲንቆ። ያሁን ጊዜ አቀናባሪዎቻችን ማሲንቆን እንደ ቁንዶ በርበሬ ይጠቀሙበታል፤ መግቢያው ላይ አራት ሰከንድ ነስነስ ያደርጉና ዘፈኑ «ባህላዊ» ተባለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ሁልጊዜው ኪቦርዱ ይጋልባል።

የዚህች ልጅ አልበም ግን እንዲህ አልነበረም። ማሲንቆው አብሯት ይተነፍሳል። እሷ ስታርፍ ይናገራል፣ ሲያርፍ ትናገራለች። ድምፅዋን አላስተካከሉትም፣ አላጠቡትም፤ አንድ ቦታ ላይ ስትሻክር እንኳ ሽካራው ቀርቷል። ከሁሉም ከሁሉም ግን ሰባተኛው ዘፈን። እሱ ስለ መለያየት ነው። እየሄደ፣ እየሄደ፣ እየጋለ መጥቶ መሐል ላይ ቁርጥ ይላል። ዜማው ሳያርፍ፣ ቃሉ ሳይቋጭ፣ ጸጥ።

አበድን። በማግስቱ የምሳ ሰዓታችንን ሠውተን ረጅም ጽሑፍ ጻፍን። ስለ ሰባተኛው ዘፈን ብቻ ሦስት አንቀጽ አፈሰስን። «ድምፃዊቷ መለያየትን አልዘፈነችልንም፣ አደረገችብን» አልን። «በአገራችን ሙዚቃ ውስጥ ዘፈንን እንዲህ በድፍረት የቆረጠ የለም» አልን። (የለም ለማለት የሚያበቃ ምን ሰምተን ነው? አይ እኛ!) መጨረሻው ላይ ደግሞ ለአንባቢ እንዲመች ብለን «ሙሉውን አልበም እዚህ ታገኙታላችሁ» የሚል መስመር አክለን የቻናሉን ሊንክ አስቀመጥን።

ጽሑፋችን ተነበበ። በሕይወታችን አይተነው በማናውቀው መጠን ተነበበ። የማናውቃቸው ሰዎች ላኩልን፣ የምናውቃቸው ሰዎች ደወሉልን። አንድ የሥራ ባልደረባችን ከታክሲ ወርዶ «ያንቺ ዘፋኝ ታክሲ ውስጥ ስትዘፍን ነበር» አለን። «ያንቺ ዘፋኝ!» ደስ አለን።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደኋላ እንመለስ። ይህ የዘፈን ፍቅር ከየት መጣ ያላችሁ እንደሆነ ከአባዬ ነው። ሳሎናችን ውስጥ፣ ቡፌው ሥር አንድ የብስኩት ካርቶን አለ። ውስጡ ካሴት ነው። ጥላሁን፣ ብዙነሽ፣ ማህሙድ፣ ዓለማየሁ እሸቴ፣ ሙሉቀን፣ ሁሉም አሉ። ሁሉም ላይ የተጻፈው ግን በአንድ ሰው እጅ ነው፤ በአባዬ ሰማያዊ እስክሪብቶ። አባዬ በወጣትነቱ ደመወዝ ሲቀበል ባዶ ካሴት ይገዛና ፒያሳ አንድ ሙዚቃ ቤት ይወስደዋል። የሚፈልጋቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፎ ይሰጣል። ቅዳሜ ተመልሶ ተቀድቶ ይወስዳል። ያ አካባቢ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ አባዬ ሄዶ ቆሞ አይቶ መጣ። «ምን አየህ?» ስንለው «አቧራ» አለን፤ ሌላ ነገር አልተናገረም።

ከካርቶኑ ውስጥ ኦሪጅናል የሆነው አንድ ብቻ ነው። የጥላሁን ነው። ሽፋኑ አለ፣ ፎቶው አለ፣ የአቀናባሪው ስም አለ። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ያረፈ ጊዜ ስምንት ዓመት አይሞላንም ነበር። አባዬ ሲያለቅስ ያየነው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ያንን ካሴት አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ነበር፤ አላጫወተውም። ማህሙድ አህመድ ደግሞ ጥር 2017 ላይ በሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን ሲያቀርብ አባዬ መሄድ አልቻለም፤ ጉልበቱን ያመዋል፣ የቲኬቱ ዋጋም ሌላ ሕመም ነው። ማታውን ካርቶኑን ጎትቶ የራሱን ስንብት አደረገ። ቴፑ ሁለቴ ካሴት በላ፤ በእርሳስ እየጠቀለለ አስተካክሎ ቀጠለ።

ከአባዬ ደጋግመን የሰማነው ታሪክ የአምሐ እሸቴን ነው። በጃንሆይ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ የተባለ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረ ሙዚቃ ቤት ያለው ወጣት፣ ሕጉን ችላ ብሎ ዓለማየሁ እሸቴን ቀረጸና ሸክላውን አሳትሞ አስገባ። እስከ አብዮቱ ማግስት ድረስ ከ100 በላይ ትናንሽና 12 ትላልቅ ሸክላዎች አወጣ። ዛሬ ፈረንጅ «ወርቃማው ዘመን» እያለ የሚያብድበት ሙዚቃ ጥሩ ድርሻው ያ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» እያለ በሲዲ ያሳተመው፣ ጂም ጃርሙሽም እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ፊልሙ ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ያስገባው ከዚሁ ማዕድ ተቆርሶ ነው። አምሐ ግን ከአብዮቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደ። እዚህ ሸክላው ቀርቶ ካሴት ገባ። ካሴት ደግሞ ባሕርዩ ሌላ ነው፤ ሸክላን ቤትህ ቁጭ ብለህ አትገለብጠውም፣ ካሴትን ግን ሁለት ቴፕ ካለህ ጨርሰሃል።

አባዬ ይህንን ሲያወራ መደምደሚያው «አየሽ፣ ያ ልጅ ሕግ ባይጥስ ኖሮ እኛ ምን እንሰማ ነበር?» ነው። እኛም ስንት ጊዜ ሌላ ሰው ላይ ተጠቅመንበታል! የቴሌግራም ዘፈናችንን በአምሐ ስም ጠበቃ አቁመንለት እናውቃለን። አምሐ ሕግ የጣሰው ግን ዘፋኙ እንዲታተምና እንዲከፈለው ነው። ይህ ልዩነት እስከዚያች የቡና ቀን ድረስ ለምን እንዳልታየን እንጃ።

ጽሑፋችን በወጣ በአራተኛው ቀን አንዲት አጭር መልእክት ደረሰችን። «እህቴ፣ የጻፍሽውን አነበብኩት። ጊዜ ካለሽ ቡና ልጋብዝሽ።» ከራሷ ከዘፋኟ!

ከንፈራችንን ቀባን። ቅዳሜ ከሰዓት ጎፋ አካባቢ አንዲት የጀበና ቡና ያለችባት በረንዳ ላይ ተገናኘን። ትንሽዬ ልጅ ናት፤ አልበሙ ላይ የሰማነው ድምፅ ከዚያች ደረት ይወጣል ብሎ ማመን ያስቸግራል። እጣኑ ይጨሳል፣ ፈንዲሻው ቀርቧል። አመሰገነችን። «ማሲንቆውን የሰማልኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ» አለችን። ኩራታችን ጣሪያ ነካ። ሁለተኛውን ስኒ ስናነሳ ነው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ግን የኔ እህት፣ የት ገዛሽው?» ያለችን።

«ኦንላይን ነው» አልናት። ቶሎ ነው ያልነው። ውሸት ሲፈጥን እውነት የሚመስል መስሎን።

«የትኛው ላይ?»

ዝም።

«አልበሙ እኮ ገና አልወጣም» አለችን።

ወዳጆቻችን፣ ስኒ ይዞ መድረቅ ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅነው። አልበሙ ገና ሚክሲንግ ላይ ነበር። ከስቱዲዮ ነው ከሌላ ቦታ ማን እንዳወጣው አታውቅም፤ «ፍላሽ ያልሰካበት ሰው የለም» አለች። ሾልኮ የወጣው ያላለቀው ነው። እኛ «አልተስተካከለም፣ አልታጠበም» ብለን ያደነቅነው ድምፅ ገና ሊስተካከል ወረፋ እየጠበቀ ነበር። ሰባተኛው ዘፈንስ? በድፍረት የተቆረጠው? «እዚያ ጋ ማሲንቆው ብቻውን ሊገባ ነበር» አለችን። «ተጫዋቹ የዚያን ቀን ታሞ ቀረ። ሲሻለው እንቀጥላለን ብለን ነው ያቆምነው።»

ሦስት አንቀጽ ጽፈን ነበር። ሦስት!

ይሄስ ያስቃል፤ ለብቻችን ስንሆን አሁንም እንስቃለን። የማያስቀው የሚቀጥለው ነው። አልበሙን ሊገዛት የተስማማ አሳታሚ ነበር። ለፋሲካ ሊያወጣው ቀብድ ሊሰጣት ቀጠሮ ይዘው ነበር። ስትሄድ ስልኩን አውጥቶ አንድ ጽሑፍ አሳያት። የኛን። ሊንኩን ተጭኖ አሥራ ሁለቱንም ዘፈን አሳያት። «ሰው ሁሉ ስልክ ላይ ያለውን ምን ብዬ ልግዛሽ?» አላት።

ስድስት ዓመት የለፋችበት ነው። ማታ ማታ ክበብ ውስጥ የሰው ዘፈን እየዘፈነች፣ ክረምት ሲወጣ ሠርግ ላይ እየዘፈነች ነው ያጠራቀመችው። የአንዷ ዘፈን ቅንብር ብቻ የኛን የጋዜጠኛ ደመወዝ ስንት ወር እንደሚበላ ነገረችን፤ አንጽፈውም፣ የኛም ደመወዝ ይታወቅብናል። የእናቷ ሐብል ተሸጧል። ግማሹ ቅንብር ገና በዱቤ ነው። ይህን ሁሉ ስትነግረን አልጮኸችም፣ አልሰደበችንም። ቢሆንልን ብትሰድበን ይሻለን ነበር። ሒሳቡን ልንከፍል ስንነሳ «እኔ ነኝ የጋበዝኩሽ» ብላ እጃችንን መለሰች።

ማታውን ሊንኩን አወጣነው። ጽሑፉ ላይም ማስተካከያ ጻፍን። ማስተካከያ ማንም አያነብም። አላነበቡም።

ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ጥፋተኛ ጠበቃ ፍለጋ ሄድን፤ የሚዲያ ሕግ ደብተራችንን አወጣን። በዚያ ትምህርት «ኤ» ነው ያመጣነው፤ ይቅርታ፣ መናገር ስላለብን ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996። በ2007 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። አንድ ሰው ለግል መገልገያው አንድ ቅጂ ቢያዘጋጅ አዋጁ አይከለክልም፤ ለሺህ ሰው ሊንክ ማደል ግን ለግል መገልገያ አይባልም። ዘፋኙ በድምፁ ላይ ያለው መብት 50 ዓመት ይጠበቅለታል። ደብተራችን ጠርዝ ላይ በራሳችን እጅ «ፈተና ላይ ይመጣል» ብለን አስምረንበታል። መጣ፤ ትክክል ነበርን።

ጓደኞቻችን ሊያጽናኑን ሞከሩ። በተለይ አንዷ፣ ከኛ ጋር የተመረቀችና አሁን ማስታወቂያ ሥራ ላይ ያለች፣ «እንዲያውም ልታመሰግንሽ ይገባል! ነጻ ማስታወቂያ ሠራሽላት። ዘፋኝ በዚህ ዘመን ከአልበም አይበላም፣ ከኮንሰርት ነው የሚበላው» አለችን። ይህን ክርክር ሁላችሁም ሰምታችሁታል። እኛም ስንት ጊዜ ብለነዋል።

እስቲ እንየው። ከሁሉ የገነነውን እንውሰድ፤ ቴዲ አፍሮን። «ኢትዮጵያ» አልበሙ በሚያዝያ 2009 ሲወጣ ከተማው በሙሉ አንድ ዘፈን ይዘፍን ነበር፤ በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። እኛ ያኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርን፤ «ኦሪጅናሉን ነው የገዛሁት» ማለት ትልቅ ሰው መሆን ነበር። ያን ያህል የገነነው ሰው በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ በአንድ ሆቴል ያዘጋጀው የአልበም ምርቃት በፖሊስ ተከለከለ። እንግዳው ተጠርቶ፣ ራቱ ተሰናድቶ። የአዲስ ዓመት ኮንሰርቱም ቀረ። ባሕር ዳር ላይ መድረክ ያገኘው ጥር 2010 ነው። እሱ ይችለዋል፤ ቴዲ ነዋ! ክበብ ውስጥ የሰው ዘፈን የምትዘፍን ልጅ ግን ኮንሰርት የምትሠራው በማን ፈቃድ፣ በማን ስፖንሰር፣ በየትኛው ሰላም ነው? ኮሮና የመጣ ጊዜ መድረኩ ሁሉ ተዘግቶ አልነበረም እንዴ?

ደግሞ ሟች ኮንሰርት አይሠራም። እዮብ መኮንን ነሐሴ 2005 ላይ ናይሮቢ ውስጥ ሲያርፍ ገና ወጣት ነበር። ካረፈ በኋላ የወጣለትን «እሮጣለሁ» የተሰኘ አልበም የሰማ ሰው የምንለው ይገባዋል። ያ ድምፅ ከእንግዲህ የሚያገኘው ነገር ቢኖር ከቅጂው ብቻ ነው።

የእዮብን «እንደ ቃል» ያቀናበረው ኤልያስ መልካ ነበር፤ የዘሪቱንም እንዲሁ። ያሁን ዘመን ጆሯችንን ከሠሩልን ሰዎች አንዱ ነው። ቀንና ሌሊት ስቱዲዮ ውስጥ የሚኖረው ይህ ሰው በመጨረሻ ምን ሲሠራ ነበር ብትሉ፣ የሙዚቃ መሸጫ። ከኃይሌ ሩትስ፣ ከጆኒ ራጋና ከሌላ የሙያ ጓደኛቸው ጋር ሆኖ በ2011 ዓ.ም. «አውታር» የሚባል መተግበሪያ አቋቋመ፤ ሰው በስልኩ ዘፈን በሕጋዊ መንገድ እንዲገዛ። ወራት ሳይቆይ፣ መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በ42 ዓመቱ አረፈ። እኛ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ልንገባ ስንል ነው። መተግበሪያውን ጭነነው ነበር። አንድ ዘፈን ገዛን። ከዚያ ስልካችን ሲሞላ ያጠፋነው እሱን ነው፤ ለቴሌግራሙ ቦታ እንዲበቃ። ይህን ለማንም ነግረን አናውቅም።

«ዩቲዩብስ?» የሚል አይጠፋም። ዩቲዩብ የሚከፍለው ከማስታወቂያው ነው፣ ማስታወቂያው ደግሞ ተመልካቹ ከየት አገር እንዳየ ይታያል። ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ አንዴ የሰማት ሰውና ሳሪስ ሆኖ አንዴ የሰማት ሰው እኩል አይቆጠሩም፤ የኛ ሰፈር ጆሮ ርካሽ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ሰፈሯ ውስጥ ታክሲው ሁሉ ቢዘፍናት፣ ጸጉር ቤቱ ሁሉ ቢያስጮኻት፣ «ዘፈን እንጭናለን» የሚል ወረቀት የለጠፈው ልጅ ሁሉ ሚሞሪ ላይ ቢጭናት፣ ከዚህ ሁሉ እጇ የሚገባ ነገር የለም። «ያንቺ ዘፋኝ ታክሲ ውስጥ ስትዘፍን ነበር» የተባልን ቀን ለምን ደስ አለን?

ክረምቱ አለፈ። እንቁጣጣሽ ሰሞን አልበሙ ወጣ። አሳታሚ አላገኘችም፤ በራሷ ነው ያወጣችው። ዋዜማ አልነበረውም፣ ቢልቦርድ ላይ አልተሰቀለም። ለሚፈልግ ሰው በፍላሽ አድርጋ ራሷ ትሸጣለች። ደወልንላት። መጀመሪያ ማን መሆናችንን ስንነግራት ዝም አለች፤ ከዚያ «ያው ቡና ቤት» አለችን።

የአምስት ፍላሽ ዋጋ ይዘን ሄድን። ፖስታ ውስጥ ከተነዋል፣ የለቅሶ ገንዘብ ይመስል። ከፈተችው፣ ቆጠረችው፣ የአንዱን ወስዳ የቀረውን መለሰችልን።

«አንድ ነው የወሰድሽው» አለችን።

ተጨቃጨቅን። እምቢ አለች። ቡናዋን ጠጥታ ስትነሳ ግን «ሰባተኛውን ስሚልኝና ንገሪኝ» አለችን። «አሁን አልቋል።»

ቤት ገብተን ሳሎን ውስጥ ከፈትነው፤ በጆሮ ሳይሆን በስፒከር፣ አባዬም እንዲሰማ። ሰባተኛው ላይ ስንደርስ ትንፋሻችንን ያዝን። እየሄደ፣ እየጋለ መጣ። ያ ቦታ ደረሰ። አልተቆረጠም። ድምፅዋ አረፈና ማሲንቆው ብቻውን ወጣ፤ አንድ ደቂቃ ያህል። ሰውየው ታሞ እንደነበር ያስታውቃል ልበል? እጁ አይቸኩልም። አንዷን ነገር ይዞ ያሽከረክራታል፣ ያሽከረክራታል፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ መሬት ያስቀምጣታል።

ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው፤ እንዲህ ብለን ጻፍንላት፣ እውነታችንን ነው። ያልጻፍንላት ነገር አለ። የተቆረጠው ይበልጥብን ነበር። እሷ ያላሰበችውን፣ ያልጨረሰችውን፣ ልትሸጥልን ያልፈለገችውን ነው የወደድነው። ስልካችን ላይ አሁንም አለ። አሥራ አንዱን አጥፍተናል። እሱን ለማጥፋት ሦስት ጊዜ ተጭነን «እርግጠኛ ነዎት?» ሲለን ሦስቱንም ጊዜ አይደለንም ብለናል።

አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ማሲንቆው ሲያልቅ ገለጥ አደረገው።

«ማናት?»

ስሟን ነገርነው።

«ከየት አመጣሻት?»

«ገዝተን ነው፤ ኦሪጅናል።»

ፍላሿን ተቀብሎ አገላበጣት። ሽፋን የላት፣ ፎቶ የላት፣ የአቀናባሪ ስም የላት። ተነስቶ ወደ ቡፌው ሄደ፤ ጉልበቱን ይዞ፣ ቀስ ብሎ። ካርቶኑን ጎተተና ከሥር ከሥር ሲፈልግ ቆይቶ፣ ላስቲኩ ያልተቀደደ አንድ ባዶ ካሴት አወጣ። ከስንት ዓመት በፊት እንደገዛው እንጃ። ሰማያዊ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ መዘዘ።

«በይ ቅጂልኝ» አለን። «ስሟን እኔ እጽፈዋለሁ።»